ለአመድ ኢንሹራንስ የሚገባበት አገር

መኪና አከራዩ ልጅ ወረቀቱን ወደ እኛ ገፋ አደረገና “የአሸዋና የአመድ ኢንሹራንስ ትፈልጋላችሁ?” አለን። አባዬ ምን እንዳለ ተርጉሙልኝ አለ። ተረጎምንለት።

“የምን አመድ?”

“የእሳተ ገሞራ አመድ።”

ጥቂት ዝም አለና “ታዲያ ስንት ነው?” ብሎ ጠየቀ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው አመድ አይገርመውም፣ ዋጋው ነው የሚገርመው።

ነገሩ እንዲህ ነው ወዳጆቻችን። እኛ ሦስት እህትና ወንድማማቾች ነን። ሁለታችን የምንኖረው ኦስሎ ነው፣ አንዳችን አዲስ አበባ ከእማዬና ከአባዬ ጋር። በነሐሴ 2025 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች እንቁጠራቸውና) ወላጆቻችን ሊጠይቁን መጡ። ሙዚየም እናሳያችሁ ስንል አባዬ “እኔ መንገድ አሳዩኝ” አለ። እሱ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። በ1998 ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፣ እሱም ከዚያ ወዲህ በልቡ ካልሆነ በቀር ወደ አሰብ አልሄደም። መንገድ ካማረው ብለን ያጠራቀምናትን አራግፈን አይስላንድ ወሰድነው። ደሴቲቱን የሚዞረው አውራ ጎዳና 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሳምንት ይበቃል አልን።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥተን ግራ ቀኙ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሲሆን አባዬ መስኮቱን አወረደ። “ይሄማ ሰርዶ ነው!” አለ። “በረዶ የተቀባ አፋር ነው እኮ ያመጣችሁኝ!”

ቀልድ መስሎን ሳቅን። አባዬ ግን እውነቱን ነው። በሁለተኛው ቀን ቲንግቬትሊር የሚባለው ሸለቆ ደረስን። አይስላንዶች በ930 ፓርላማቸውን ያቋቋሙት እዚያ ነው። ሸለቆው የአሜሪካና የአውሮፓ የምድር ንጣፎች የሚላቀቁበት ቦታ ነው፣ በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ከዚህ ጋር የምትመሳሰል ሌላ መሬት ማየት የፈለገ አፋር ይሂድ። በመስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር ተከፍታለች። በሁለት ሳንቲ ሜትር ሒሳብ የ400 ዓመት ሥራ ማለት ነው። አባዬ በስም የጠራት ሰርዶም በ1969 በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች ከተማ ናት። ታዲያ ለምንድነው እኛ የአይስላንድን እሳት ከፊልም ስናውቀው፣ የራሳችንን እሳት ከወሬ የምንሰማው? በመንገዱ ሁሉ ያሟገተን ይኸው ጥያቄ ነበር።

ደቡብ ዳርቻ ላይ ቪክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከጀርባዋ በበረዶ የተሸፈነው ካትላ የተባለ እሳተ ገሞራ ተኝቷል። ለመጨረሻ ጊዜ በኃይል የፈነዳው በ1918 ነው። ሲፈነዳ በረዶውን አቅልጦ ጎርፍ ይለቃል፣ ስለዚህ የከተማዋ ሰዎች ጎርፉ ቢመጣ ወዴት እንደሚሮጡ አስቀድመው ይለማመዳሉ። የሚሮጡት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ኮረብታ ላይ ስለሆነች ውኃው አይደርስባትም ተብሎ ይታመናል። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። “እኔም ምን አልኳችሁ! ክፉ ቀን ሲመጣ የት ነው የሚኬደው?” አለች። አባዬ “ኮረብታው ነው የሚያድናቸው” አለ። በዚህ ተከራክረው ምሳ ቀዘቀዘ።

ክርክራቸው የተፈታው (ወይም የባሰው) በማግስቱ፣ ኪርክዩባየርክሎስተር በምትባል መንደር ነው። ስሟን በትክክል ለመጥራት የቆየነው ጊዜ በመንደሯ ከቆየነው ይበልጣል። በሰኔ 1783 ከመንደሯ በላይ ላኪ በሚባለው ቦታ ምድር በ27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተቀደደች። እሳቱ ስምንት ወር ፈሰሰ። የወጣው መርዛማ ጋዝ ሣሩን መረዘው፣ ከብቱና በጉ አለቀ፣ ረሃብ ተከተለ፣ ከደሴቲቱ ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ሞተ። በዚያ ሐምሌ ቀልጦ የሚፈሰው አለት ወደ መንደሯ ሲገፋ ዮን ስቴይንግሪምሶን የተባለው ቄስ ምእመናኑን ቤተ ክርስቲያን ሰብስቦ ቀደሰ። ማንም አልወጣም። ቅዳሴው አልቆ ሄደው ሲያዩ የእሳቱ ጅረት ቆሟል። እስከ ዛሬ “የእሳቱ ቅዳሴ” ይሉታል። ሳይንቲስቶቹ ደግሞ ጅረቱን ለማቀዝቀዝ የወንዞቹ ውኃ ረድቷል ይላሉ።

እማዬ አማተበች። አባዬም ለአንዴ ዝም አለ።

እኛን ያስደነቀን ግን ቄሱ ከጸለየ በኋላ ያደረገው ነው። ጻፈ። እሳቱ በየትኛው ወንዝ እንደወረደ፣ ሰማዩ ምን እንደመሰለ፣ ከብቱ በምን በሽታ እንደወደቀ አንድ በአንድ መዝግቦ አስቀመጠ። ከ200 ዓመት በኋላ እሳተ ገሞራ የሚያጠኑ ምሁራን የእሱን ጽሑፍ እንደ ምስክር ቃል ያነቡታል። ጸሎቱ ለዚያ ቀን ነበር፣ ጽሑፉ ለሚመጣው ሰው።

ይህ ነገር እኛንም እንደሚነካን የሚያውቅ ስንት ነው? የላኪ ጋዝ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ አየር ስላቀዘቀዘ የአፍሪካ የክረምት ዝናብ መዳከሙን በ2006 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የዓባይ ውኃ ወደቀ፣ ግብፅ ተራበች። ዓባይ ጎደለ ማለት ደግሞ ዝናቡ የት እንደጎደለ ለእናንተ አንነግራችሁም። ከአይስላንድ የወጣ ጭስ የእኛን ደጋ ዝናብ ነክቶ ካይሮ ድረስ ሄደ ማለት ነው። ግብፅ ላይ የተጻፈው ይነበባል። በዚያ ክረምት የእኛ ገበሬ ምን እንደደረሰበት ማን ጻፈለት?

ወደ ምሥራቅ ስንነዳ መንገዱ ሰፊ ጥቁር አሸዋ ላይ ይወጣል። አውራ ጎዳናው ደሴቲቱን ሙሉ በሙሉ የከበበው በ1974 ነው፣ እስከዚያ ድረስ በዚህ አሸዋ ላይ የሚጋልቡትን ወንዞች የሚሻገር ድልድይ አልነበረም። በ1996 ከበረዶው ግግር ሥር እሳት ፈነዳ። ባለሙያዎቹ “ጎርፍ ይመጣል” አሉ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሁሉም ጠበቀ። ከአንድ ወር በኋላ ጎርፉ መጣና ድልድዩን እንደ ሽቦ ጠምዝዞ ወሰደው። ሰው ግን አልሞተም። የተጠመዘዘው ብረት መንገዱ ዳር ቆሟል። አባዬ ወርዶ በእጁ ዳሰሰው። “ወር ሙሉ ጠበቁ?” አለ። ያስገረመው እሱ ነው። እኛ አገር አደጋ ይመጣል ያለ ሰው ሦስት ቀን ካልመጣለት “አሟርተኛ” ይባላል።

ምሥራቁን ጨርሰን ወደ ሰሜን ልንዞር ስንል ስልካችን ላይ የነፋስ ማስጠንቀቂያ መጣ። አንድ ቀን ሙሉ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተቀመጥን። አባዬ ሻዩን ይዞ በመስኮት እያየ የአሰብን ጨዋታ አመጣ። “እኛ ስልክ አልነበረንም። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራት ብልጭ ካደረገልህ ትቆማለህ፣ ትጠይቀዋለህ። አፋሮቹማ ከሁሉም ይበልጣሉ። አፋር ሰው ሲያገኝ ሰላምታውን ሲጨርስ ወሬ ይለዋወጣል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የት ጠብ ተነሣ። ዳጉ ይሉታል። የሰማውን ላገኘው ሰው ሳይነግር አይሄድም፣ ውሸት ከነገረ ደግሞ ነውር ነው። ይሄ ስልካችሁ ዳጉ ነው።”

ወዳጆቻችን፣ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ይህ ንግግር ነው። አይስላንድ ዳጉን መንግሥት ያደረገች አገር ናት።

ለምን እንደዚያ እንዳልን በግሪንዳቪክ እናስረዳ። 3,800 ያህል ሰው ይኖርባት የነበረች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በኅዳር 10 ቀን 2023 ምድር ከሥሯ እየተሰነጠቀ መሆኑን መሣሪያዎቹ አሳዩ። በዚያች ሌሊት ሕዝቡ በሙሉ ወጣ። እሳቱ የመጣው ከ38 ቀን በኋላ፣ በታኅሣሥ 18 ነው። በጥር 2024 ሦስት ቤቶች ተቃጠሉ፣ ቤቶቹ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። በኋላም መንግሥት የነዋሪውን ቤት የሚገዛበት ሕግ ወጣ። ሁሉም አማረላቸው ማለታችን አይደለም። በዚያው ወር ስንጥቅ ሲሞላ የነበረ አንድ ሠራተኛ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ከተማዋም እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ግን ያወቁትን ሳይደብቁ፣ ያላወቁትን ሳያስመስሉ፣ በጊዜው ነገሩ።

አሁን ወደ ቤታችን። ከ2024 መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር እየተንቀጠቀጠች ከረመች። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። በ2025 ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ እማዬና አባዬ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። አልጋው ተወዛወዘ። አባዬ “ውጪ!” አለ፣ እማዬ “አምላኬ!” አለች፣ እዚያው ያለው ሦስተኛችን ደግሞ ስልኩን አነሣ። ስልኩ ላይ የነበረው ምንድነው? “ዛሬ ሌሊት ከዚህ የባሰ ይመጣል” የሚል፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ መልእክት ነው። ኦስሎ ያለነው ሁለታችንም ያንኑ መልእክት ከሦስት ሰው ደረሰን። ጎረቤት ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሶ ግቢው ውስጥ፣ ከሕንፃው ግድግዳ ሥር ቆመ። ከሕንፃ ራቁ ያለ አልነበረም።

ለፍትሕ ያህል፣ ባለሙያዎቻችን ዝም አላሉም። ከምድር ሥር ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በየሚዲያው አስረድተዋል። ዕውቀቱ አለ። ከ1979 ጀምሮ አይስላንድ ለታዳጊ አገሮች በምትሰጠው የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥልጠና የእኛም ጂኦሎጂስቶችና መሐንዲሶች ተምረዋል። የጎደለው ከምሁሩ ጠረጴዛ እስከ እማዬ አልጋ ያለው መንገድ ነው። የዜና ሰዓት እስኪደርስ መሬት አይጠብቅም።

በኅዳር 2025 ደግሞ፣ እኛ ከጉዞ በተመለስን በሦስተኛው ወር፣ በአፋር ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ያልተመዘገበ ተራራ ነው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ደረሰ፣ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። አፍዴራ አካባቢ ያሉት አርብቶ አደሮች ግን ሣራቸው አመድ ለበሰ። አባዬ ዜናውን ሰምቶ ኦስሎ ደወለልን። “ያ የላኪ ሣር ትዝ አላችሁ?” ብቻ ነው ያለው። ላኪ ላይ ሰው የፈጀው እሳቱ አልነበረም፣ ሣሩ ነው።

“እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ቁጥራቸውም አራት መቶ ሺህ አይሞላ” የምትሉን አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ቤት መግዛት፣ ለአመድ ኢንሹራንስ መግባት ገንዘብ ይጠይቃል። ግን የ1783ቱ ቄስ ሀብታም ነበር? መንጋው እያለቀ ነው የጻፈው። የአጭር መልእክት ማስጠንቀቂያ በአማርኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ መላክ፣ ተማሪዎች በዓመት አንድ ቀን ከክፍል ወጥተው ሜዳ ላይ መሰብሰብን እንዲለማመዱ ማድረግ፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ “መሰብሰቢያችን እዚህ ነው” የሚል ሰሌዳ መስቀል ስንት ሚሊዮን ይፈጃል? ቴሌው የኔትወርክ ጥቅል ቅናሽ በየቀኑ ሲልክልን መንገዱን እንደሚያውቀው አይተናል። ዕድሩ፣ ሰበካ ጉባኤው፣ መስጊዱ ሁሉ የሰው ስልክና ቤት የሚያውቁ ናቸው። ዳጉ ደግሞ ከማንም አልተዋስነውም፣ የገዛ አገራችን ነው።

በመጨረሻው ሳምንታችን ሚቫትን ሐይቅ ዳር ስንደርስ ሴቶቹ ሊጡን በዕቃ ከድነው ትኩስ መሬት ውስጥ ቀብረው ሲያበስሉ አሳዩን። ዳቦው አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ያድራል። እማዬ ቆርሳ ቀመሰችና “ከላዩ እሳት አላደረጉበትም እንጂ ድፎ ነው እኮ” አለች። ከዚያ ሴትዮዋን በእጇ ምልክት “አትፈሩም?” ብላ ጠየቀቻት። ተረጎምንላት። ሴትዮዋ “የት እንደሚሞቅ እናውቀዋለን” አለች።

እማዬ አዲስ አበባ ስትመለስ ያን ነገር አልረሳችም። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተነሥታ “ሌሊት ቢነቃነቅ የት ነው የምንገናኘው?” ብላ ጠየቀች። አንዳንዱ ሳቀ። ሁለት ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ ከሕንፃዎቹ ራቅ ያለው የኳስ ሜዳ ተመረጠ። ደረጃ መውረድ የማይችሉት አራት አዛውንቶች ለየትኛው ጎረቤት እንደሚሰጡም ተጻፈ። አባዬ በእጁ ነው የጻፈው፣ ወረቀቱም መግቢያው በር ላይ ተለጥፏል።

እናንተስ ግቢ የት ነው መገናኛው?