ስክሪኗ ለማን ነው የምታወራው?

ወጣቶች የሠሩትን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚያሳዩበት ኤግዚቢሽን ገብቶ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ምን እንደሚጠብቀው ልንገረው። በየጠረጴዛው ላይ ሽቦ የተጠላለፈበት ሳጥን አለ። በሳጥኑ ፊት ትንሽዬ ስክሪን ትበራለች። አንደኛው የጫጩት መፈልፈያ ነው። ሁለተኛው አፈር ሲደርቅ ውሃ የሚለቅ የመስኖ መቆጣጠሪያ ነው። ሦስተኛው የወፍጮ ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል የሚያጠፋ ነው። ሐሳቡ ሁሉ ከእኛው ኑሮ የተቀዳ ነውና «እሰይ!» ያሰኛል። ከዚያ ጠጋ ብላችሁ ስክሪኗን ታነባላችሁ። «ዌልካም» ትላለች። «ቴምፕ ሃይ» ትላለች። «አድ ዋተር» ትላለች። ያውም በላቲን ፊደል!

ለማን ነው የምታወራው?

ልጁን ብትጠይቁት ሳያቅማማ ይመልስላችኋል፤ «ገጠር ላሉ ዶሮ አርቢ እናቶች ነው የሠራሁት» ይላል። እንግዲህ አስቡት። የዶሮ ዕንቁላል 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መታቀፍ አለበት። ሙቀቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ጨምሮ ለሰዓታት ከቆየ፣ በዕንቁላሉ ውስጥ ያለው ነፍስ ይጠፋል። ያቺ ስክሪን ያለቻት አንድ ሥራ ሰው በጊዜው እንዲደርስ መጣራት ነው። እሷ ግን በማይሰሙት ቋንቋ ትጣራለች። ዕንቁላሉ ሁሉ ገምቶ ሲጣል፣ ጥፋቱ የሚለጠፈው በሴትየዋ ላይ ነው፤ «ማኅበረሰቡ ለቴክኖሎጂ ገና ነው» ይባላል። ገና የሆነው ማነው?

ይህን ባነሳሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ የመጀመሪያ ሰበብ «ፊደላችን ብዙ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አይገባም» የሚል ነው። ሰበቡ አንድ ወቅት እውነት ነበር፤ ሐቁን መካድ አያስፈልግም። ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ በ2005 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አርዱዊኖ የተባለው ቦርድ ለተማሪዎች ተብሎ ሲወጣ፣ አብዛኛው ጀማሪ የሚገጥምለት ባለ ሁለት መስመር ስክሪን ነበር። በዚያ ስክሪን ላይ አንድ ፊደል የሚሣለው ወደ ጎን 5 ወደ ታች 8 በሆነ የነጥብ ሰሌዳ ነው። የተለመደውን የስክሪኑን መቆጣጠሪያ የሠራው የጃፓኑ ሂታቺ ነው። ታዲያ ሂታቺ ከላቲኑ ጎን ካታካና የሚባለውን የአገሩን ፊደል አስገብቶበታል። ለሌላው ሕዝብ የተረፈው ስምንት ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። በስምንት ቦታ ምን ይጻፋል? ከ«ሀ» ተነስታችሁ «ሆ» ላይ ስትደርሱ ሰባቱ ያልቃል፤ «ለ»ን ስትጨምሩ በሩ ይዘጋል።

ያ ዘመን ግን አልፏል። አሁን ልጆቹ እጅ ከሚገቡት ቦርዶች መካከል ስክሪናቸው ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው የሚመጡ አሉ። በላያቸው ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር፣ ለምሳሌ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ በ2016 ያወጣው ኢኤስፒ32፣ ብዙውን ጊዜ 4 ሜጋባይት ማከማቻ አብሮት ይመጣል። ስክሪኑም ፊደል በፊደል ሳይሆን ነጥብ በነጥብ የሚታዘዝ ነው። የሣላችሁለትን ሁሉ ያሳያል። አበባ ብትሉት አበባ፣ «ጨ» ብትሉት «ጨ»።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በዋናው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ከነአኃዙና ከነአራት ነጥቡ፣ ዛሬ 358 ምልክቶች ተመዝግበዋል። እያንዳንዱን 16 በ16 በሆነ ሰሌዳ ብንሥለው 256 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም 32 ባይት ነው። 358 በ32 ሲባዛ 11,456 ባይት ይመጣል። ባለ 4 ሜጋባይቱ ቦርድ ይህንን ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ይይዘዋል። ከዚህም አልፎ፣ 32 ኪሎባይት ብቻ የነበረው የድሮው አርዱዊኖ ኡኖ እንኳ ይችለው ነበር። ቻይናዎቹ በ1980 ባወጡት ደረጃ ውስጥ 6,763 የራሳቸውን ምልክቶች ዘርዝረዋል፤ እነዚያን ምልክቶች የያዙ ፎንቶች ዛሬ ለእነዚህ ትናንሽ ስክሪኖች በነፃ ይገኛሉ። ስድስት ሺህ የገባበት ቤት ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት እንዴት ይጠበዋል?

እንዲያውም ፊደላችን ለትንሽ ስክሪን የተመቸ ነው። አንዷ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ትሸከማለች። ርካሿንና በየሱቁ የምትገኘውን፣ ወደ ጎን 128 ነጥብ ያላትን ስክሪን ውሰዱ። በ16 ስታካፍሉት በአንድ መስመር ስምንት ፊደል ይገባል። «ሙቀቱ ጨምሯል» ብላችሁ ክፍተቱን ጨምራችሁ ቁጠሩት። ልክ ስምንት ነው! ለዚያች ስክሪን በልኳ የተሰፋ ይመስላል።

ሁለተኛው ሰበብ «የቴክኖሎጂ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው» የሚል ነው። ይሁን፤ ኮዱ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ማንም አልተጣላውም። ወጥ የምትሠራ ሴት ግን ምድጃዋን እንግዳ ፊት አምጥታ አታቀርብም። ኮዱ የጓዳ ነገር ነው፣ ስክሪኑ የማዕድ። ለማዕዱ ደግሞ ባለቤቱ የሚበላው ሰው ነው።

«ማንበብ የማይችሉስ?» የሚለኝም አለ። ጥያቄው ደግ ነው፤ መልሱ ግን እንግሊዝኛ ሊሆን አይችልም። በየቤቱ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ፤ አማርኛውን ለእናቱ ያነብላታል። ባለ ቀለም ስክሪን ከሆነ ደግሞ ቀይ ይብራ፣ የውሃ ጣሳ ሥዕል ይምጣ።

ሰበቦቹን አንድ በአንድ ካነሳን በኋላ ከሥር የሚቀረው ነገር የፊደል ጉዳይ አለመሆኑ ይታያል። ማስረጃ ካስፈለገ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። ፊደላቱ ከቦርዱ ጋር ተወልደዋል፣ አንዲት ነጥብ መሣል አያስፈልግም። ለምሥራቅ ሐረርጌ ወይም ለጅግጅጋ ገበሬ ተብሎ የተሠራውስ ሳጥን ምን ይላል? እሱም «ዌልካም» ነው የሚለው።

አንዱን ተማሪ «ለምን?» ብዬው ነበር። ትከሻውን ሰበቀና፣ «በአማርኛ ከሆነ ፕሮፌሽናል አይመስልም ተብለናል» አለኝ። መልሱ እዚህ ላይ ነው። ስክሪኗ ከዶሮ አርቢዋ ጋር አይደለም የምታወራው። ከፈታኙ ጋር ነው። ማርክ የሚሰጠው እሱ፣ ሰርተፍኬት የሚያድለው እሱ፣ ጭብጨባውን የሚያስጀምረው እሱ ነው። ሳጥኑ ለእናቶች የተሠራ ነው የሚለው በፖስተሩ ላይ ብቻ ነው። ምርቃቱ ካለፈ በኋላ ቦርዱ ተነቅሎ ለቀጣዩ ተማሪ ይሸጣል፣ ሳጥኑ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ እናቶችም ዕንቁላላቸውን እንደ ድሮው ለዶሮዋ ያስታቅፋሉ። ዶሮዋ ቢያንስ ቋንቋ አታስቸግርም።

ጥፋቱን በልጆቹ ላይ አልጭንም። ልጅ የተሸለመበትን ይደግማል። ስለዚህ ነገሬ ከፈታኞቹ፣ ከአሠልጣኞቹና ከሸላሚዎቹ ጋር ነው። ፈታኝ ሆይ፣ ቦርዱ እንዲህ የረከሰው ተጠቃሚው ፊት እንዲቀመጥ ነው። አንድ ቀላል ሕግ አውጣ። ዕቃው ለማን እንደተሠራ ተማሪው ይናገር፤ ያ ሰው ስክሪኑን አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ ካልቻለ ሥራው አላለቀምና አይለፍ። ገንዘብ አይጠይቅም። ነፃ የግዕዝ ፎንት ሞልቷል፤ ኖቶም አለ፣ አቢሲኒካም አለ። ወደ ነጥብ የሚቀይር መሣሪያም በነፃ ይገኛል። አንድ ክፍል ተማሪ አንድ ጊዜ ቀይሮ ፋይሉን ለሁሉ ቢያካፍል፣ ለአማርኛውም ለትግርኛውም ይሆናል፤ የሚመጣው ትውልድ በሙሉ ይገላገላል። የጥቂት ቀን ሥራ ነው የምንጠይቀው።

ቀደምቶቻችን ከዚህ የከበደ ፈተና ገጥሟቸዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ላይ ሊያስቀምጡ ሲነሱ፣ ያን ሁሉ ፊደል የሚሸከም ብረት ከየትም አልመጣላቸውም። ዛሬ ግን መኪናው «የፈለጋችሁትን እጽፋለሁ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል። እኛ ነን «ዌልካም በል» የምንለው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። በሬው መጥቷል፤ ጠምዶ የሚያርሰው ሰው ነው የጠፋው።