የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከመረዳጃ ሣጥናችን ላይ እጁን ያንሣ

ለማህበራችን አባሎችና ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

የማህበሩ ኮሚቴ «ከመረዳጃው ሣጥን ለበዓል ዕቃ መግዣ ብድር አይሰጥም» ብሎ ከወሰነ ወዲህ በሰፈሩ ብዙ እየተወራ መሆኑን ሰምተናል። በወፍጮ ቤቱም፣ በውሃ ቦኖውም፣ በሻይ ቤቱም «ኮሚቴው ጨከነ፤ በልጆቻችን ደስታ መጣብን» ይባላል። ፊት ለፊት የነገረን ሰው ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ ከኋላ ነው። ስለዚህ እኛም መልሳችንን ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል። ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ።

በመጀመሪያ ሣጥኑ ምን እንደሆነ እናስታውስ። ሣጥኑ የሞተ የሚቀበርበት፣ ሕመም ጠንቶበት ወደ ደሴ የተላከ ሰው የሚሳፈርበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ቆርቆሮ የሚገዛበት ነው። ገንዘቡ የገባው ከጠላ ሻጯ፣ ከቀን ሠራተኛው፣ ከጡረተኛው፣ በየወሩ ከአፋቸው ላይ እየተቀነሰ ነው። ሰው ሲሞት «ትንሽ ጠብቁን፣ ብሩ ለሶፋ ወጥቷል» ይባል እንዴ?

አሁን ደግሞ ብድር የተጠየቀበትን እንናገር። ስም አንጠራም። አንዱ ለፍሪጅ ነው፤ መብራቱ እንደሚሄድና እንደሚመጣ እያወቀ። አንዱ ለሶፋ ነው። አንዲት እናት ለልጇ ልደት ኬክና ለስላሳ መግዣ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ለበዓሉ «ዕቃ ዕቃ» ብለው ነው የጻፉት። ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ ጠርተን «ይህን ነገር ምን አሳሰባችሁ?» ስንላቸው መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ። «ልጆቹ በቴሌቪዥን አይተው አላስቀምጥ አሉን።» እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከሣጥናችን ሊበደር የመጣው ጎረቤታችን አልነበረም፤ በጎረቤታችን አፍ ማስታወቂያው ነበር የመጣው።

ማታ ማታ በየቤታችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተከታታይ ድራማ ያያል። ልጅቱ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል፣ ወይም ሰውየው በሩን ሲያንኳኳ፣ ቀጥ! ማስታወቂያ። አንዲት ሴት፣ ጭስ ነክቶት በማያውቅ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ዘይቱን እንደ ምንጭ ውሃ ታንቆረቁረዋለች። እኛ ያንኑ ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ እየለካን ነው የምንገዛው። ልጆቹ ጁስ ይጠጣሉ፣ ይዘላሉ፤ አባትየው ከሥራ ሲመጣ ይስቃል። ከሥራ መጥቶ እንዲያ የሚስቅ አባት በሰፈራችን ያየ ካለ ይንገረን። ከዚያ ኮት የለበሰ ሰው ይወጣና አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ቤት «ዛሬውኑ የራስዎ ያድርጉ» ይለናል። ቅድመ ክፍያ የሚለው ገንዘብ እኮ የአንዱ አባላችን የዕድሜ ልክ ገቢ ነው!

በዓል ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ለፋሲካም፣ ለአረፋም፣ ለእንቁጣጣሽም፣ ለመውሊድም «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለን ዘመድ ሳይሆን የቀለም ፋብሪካና ባንክ ሆኗል። አጎት እንኳ ሳይደውል የቀለም ፋብሪካ ይደውላል። እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ግን ዶሮውን የሚልከው ማነው?

አንዳንዱ አባል «ሪሞቱ በእጅህ ነው፣ አልፈልግም ካልህ ዝጋው» ይለናል። ይህ መልስ ብልህ ይመስላል እንጂ አይደለም። ልጁ በቤቱ ቢዘጋበት ጎረቤት ሄዶ ያያል፤ ጎረቤት ቢዘጋበት ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሞ ያያል። ባያይ እንኳ ያየው የክፍል ጓደኛው ይነግረዋል። አንድ መምህር የነገሩን አለ። ልጁ ከቤቱ የያዘውን ቆሎ ከደብተሩ ሥር ደብቆ፣ ማንም እንዳያየው እየሰረቀ ይበላል አሉ። በፓኬት የታሸገ ብስኩት የያዘው ግን ከፍ አድርጎ ይዞ ይዞራል። ምን የሚያሳፍር ነገር አለው ቆሎ? ደጎሎ እኮ የጃማ አገር ናት፤ ዋልካው መሬት የሚያበቅለው ስንዴና ባቄላ ነው ያሳደገን። ስንዴው በኩንታል ተጭኖ ይወጣል፤ ብስኩት ሆኖ፣ በላዩ ላይ የሳቀ ልጅ ሥዕል ተለጥፎበት ይመለሳል። ገበሬው በኪሎ ሸጦ በግራም ይገዛል። በዚህ ላይ ልጁ አባቱ ባመረተው እህል እንዲያፍር ተደርጓል። ይህን ኪሳራ በየትኛው መዝገብ እንጽፈው?

ሌላው ደግሞ «ማስታወቂያ መረጃ ነው፤ ሕዝቡ ያለውን ዕቃ እንዲያውቅ ነው» ይላል። እሺ፣ መረጃ ከሆነ ዋጋውን ለምን አይነግረንም? ለድሃ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መረጃ «ስንት ነው?» የሚለው ነው። ስለ ሳሙናው መዓዛ ይዘፈናል፣ ስለ አረፋው ይጨፈራል፤ አብዛኛው ማስታወቂያ ስለ ዋጋው ግን ጭጭ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። የሰፈራችን ባለሱቅ ዋጋ ባይለጥፍ ይጠየቃል። ሚሊዮን ሰው ፊት ቆሞ ዕቃውን የሚያሞግሰው ግን ዋጋውን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። በእኛ ግምት ዋጋውን የሚደብቀው ፍላጎቱ አስቀድሞ እንዲገባብን ነው። ልጁ ካለቀሰ በኋላ ዋጋ ቢሰማ አባት ምን ያደርጋል? ይበደራላ!

ደግሞስ የማስታወቂያውን ወጪ የሚከፍለው ማን ይመስላችኋል? ፋብሪካው ለጣቢያው ይከፍላል፤ ዘፋኙ ይከፈለዋል፤ ተዋናዩ ይከፈለዋል። ያ ሁሉ ወጪ ተደምሮ የሚገባው ከሳሙናው ዋጋ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ በብዙው ዕቃ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ዘይቱ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የዚህም ዕዳ የወደቀው በእኛው ድስት ላይ ነው። ይህን ሁሉ ከከፈልን በኋላ የማሳፈሪያችንንም ኪራይ እኛው እንከፍላለን። ሳሙና በገዛን ቁጥር ልጃችንን የሚያስለቅሰውን ፊልም እንገዛለን ማለት ነው። ይህ ያልገባው ሰው ካለ ጽሕፈት ቤት ይምጣ፣ በወረቀት ደምረን እናሳየዋለን።

ወሎና ቴሌቪዥን ደግሞ የቆየ ሒሳብ አላቸው። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የጥቂት ባለጸጎች ነበር። በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ታየ። እኛ አገር ግን ያ ፊልም የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። የወሎን ሕዝብ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቁ አሳዩት፤ ጎን ለጎን፣ አጥንትና ጮማ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። እንደገና በመስከረም 1977 ዓ.ም. መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በሰልፍና በድግስ ሲያከብር፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በሬሳ ተሞልታ ነበር። ዓለም ያንን በቴሌቪዥን ያየው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ በጥቅምት ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። ያኔ ድግስና ረሃብ ጎን ለጎን ሲታይ አገር «ነውር ነው!» ብሎ ተነሣ። ዛሬ ግን ድግሱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ችግሩ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ ጎን ለጎን በየማታው ይቀመጣል፤ ነውር የሚባለው ግን ድግሱ ሳይሆን የእኛ ባዶ መሶብ ሆኗል። የሚያፍረው ደጋሹ ሳይሆን ተመልካቹ ነው። ኧረ ነገሩ እንዴት ተገለበጠ?

አሁን የሚያመንን እንናገር። በሰፈራችን ካሉት ቴሌቪዥኖችና ዲሾች ብዙዎቹ በምን እንደተገዙ ይታወቃል። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ናት የገዛችው። ሌሊት የማትተኛ፣ የሰው ልጅ የምታሳድግ፣ የሰው ምንጣፍ የምታጥብ። «እናቴ ብቻዋን እንዳይከፋት፣ ድራማ እያየች ታምሽ» ብላ ላከች። ወላሂ፣ ከዚያ የበለጠ ደግነት የለም። ታዲያ በእሷ እንቅልፍ የተገዛው ዕቃ እናትየውን ምን ይላታል? «ቀሪውንም አምጪ» ይላታል። እናትየውም ስልክ ደውላ «ልጄ፣ ለታናሽሽ ይህ ያስፈልገዋል፣ ቤቱም ሶፋ የለው» ትላለች። ልጅቱ ወደ አገሯ ልትመለስ ያሰበችበት ዓመት አንድ ዓመት ይገፋል። በኋላ ደግሞ ታናሿም ያንኑ አይቶ ባሕር ለመሻገር ይነሣል። ከሰፈራችን የሄዱትን ልጆች ቁጠሩ፤ ያልደወሉትንም አብራችሁ ቁጠሩ። ሁሉም በማስታወቂያ ሄደ አንልም፤ ሥራ ማጣቱ አለ፣ የመሬት ጥበቱ አለ፣ ሰላም ማጣቱ አለ። ነገር ግን «እዚህ ያለ ኑሮ ኑሮ አይደለም» የሚለውን ቃል በየማታው በልጆቹ ጆሮ የሚያፈሰው ያ ሣጥን መሆኑን አንክድም።

በስልክ የሚመጣውም ዘመዱ ነው። ቴሌቪዥኑ «በዚህ አጭር ቁጥር ይላኩ፣ መኪና ይሸለሙ» ይላል። አንድ ሽማግሌ አባላችን «የሞላሁት ካርድ ብን እያለ ይጠፋል» ብለው መጡ። ስናየው የልጅ ልጃቸው አስመዝግቧቸው በየቀኑ ይቆረጥባቸዋል። በቀን 2 ብር ቢሆን በወር 60 ብር ነው፤ በዓመት 730 ብር። መኪናውን የሸለመ አላየንም፤ የተቆረጠውን ግን አይተናል። የማታውቁት አጭር ቁጥር መልእክት ከላከላችሁ ስልኩን ይዛችሁ ኑ፤ ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ ያስቆምላችኋል፤ ክፍያ የለውም።

«ምን ይደረጋል፣ ዘመኑ ነው» ለሚሉን ደግሞ አንድ ነገር እናስታውሳቸው። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ቴሌቪዥኑን ሞልቶት የነበረው የቢራ ማስታወቂያ ነበር። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ሼኹ፣ ቄሱ ሳይባል ማታ ማታ በየቤቱ ቢራ ይቀዳ ነበር። በዚያው ዓመት በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ተከለከለ። ጣቢያዎቹ ገቢያችን ተነካ ብለው ጮኹ። ዛሬስ? ቢራው ከስክሪኑ ወጥቷል፤ ቴሌቪዥኑም አልጠፋም። እንግዲህ የሚከለከል ነገር ሲከለከል ይቻላል ማለት ነው። ልጅን ፊት አቁሞ የወላጁን ኪስ መበርበርም ይከልከል፤ ድራማውን በጉሮሮው ላይ መቁረጥም ይብቃ፤ ዋጋውን የማይናገር ማስታወቂያም አይተላለፍ። ይህንን ጽፈን ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለመላክ ኮሚቴው ተስማምቷል። «የደጎሎ ሰፈር ማን ይሰማዋል» የምትሉ ፊርማችሁን አትከልክሉን፤ ሳይሰሙን ቀርተው ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

እስከዚያው ድረስ የብድሩ ውሳኔ እንደጸና ነው። በዓል የሚውልበት ያጣ ቤት ካለ ግን ጎረቤት ዝም አይበል። ክርስቲያኑም በቅርጫው፣ ሙስሊሙም በኡዱሒያው ለዚያ ቤት ድርሻ ይቁረጥ፤ ይህ ብድር አይደለም፣ የማይመለስ ነው፤ መዝገብም አይጻፍበትም። ሶፋና ፍሪጅ ግን ከዚህ ሣጥን አይወጣም። የሻይ ቤት ባለቤቶች ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ እንድታደርጉ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ ሁለት ሻይ ቤቶች ጀምረዋል፣ ደንበኛም አልቀነሰባቸውም። ባለሱቆችም ዋጋ ለጥፉ፤ ሕፃን ብቻውን መጥቶ «አባዬ ይከፍላል» ቢላችሁ የታሸገ ነገር በዱቤ አትስጡ። የሰጠ ባለሱቅ ገንዘቡን ከልጁ ይቀበል።

ቅሬታ ያለው አባል እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት በማህበሩ አዳራሽ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ይናገር። የአቤቱታው ወረቀት እዚያው ይፈረማል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ያለን አንድ ብቻ ነው።

የማህበሩ ጽሕፈት ቤት
ደጎሎ