ቤት ሲጓዝ ታሪኩ የት ይቀራል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ የባሕር ዳር ወዳጄ በስልክ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ወዳጄ ሐኪም ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ግቢ አለው። ዘጌ ውስጥ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ አሮጌ ዕቃ ቤት አለው። ምሰሶው ወፍራም ነው፤ በሩ ከዋንዛ የተጠረበ ነው፤ ለብዙ ዘመን ቡና ሲከማችበት ኖሯል። ቤተሰቡ ይህን ቤት አፍርሶ በቦታው አዲስ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ሊሠራ ወስኗል። እንጨቱ ለማገዶ ይሸጣል። ወዳጄ ታዲያ «ለምን ገዝቼ፣ አስነቅዬ፣ በጀልባ አሻግሬ ግቢዬ ውስጥ አላቆመውም?» ብሎ አሰበ። ጥያቄው አጭር ነበር። «አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ይፈቀድልኛል ወይ?»

በአንድ ቃል የምመልሰው መስሎኝ ነበር። ሕጎቹን አውጥቼ ስመለከት ግን ጉዳዩ ከአንድ ዕቃ ቤት የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልል ከተሞች በተካሄደው የኮሪደር ልማት የአሮጌ ቤቶች ጉዳይ የብዙዎቻችን መነጋገሪያ ሆኗል። ክርክሩ ግን «ይፍረስ» እና «አይፍረስ» በሚሉ ሁለት ጫፎች ላይ የቆመ ነው። «ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይተከል» የሚለው ሦስተኛ መንገድ በቅጡ ሲፈተሽ አላየሁም። ይህ ጽሑፍ እሱን ለመፈተሽ ይሞክራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ የቆመው ቤት ግን የባለቤቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት የመሸጥንና የማውረስን መብት ብቻ ሳይሆን፣ የመሬት ተጠቃሚነቱ ሲቋረጥ ንብረቱን የማንሣትን ወይም ካሳ የመጠየቅን መብትም ይጨምራል። «ማንሣት» የሚለው ቃል ልብ ይባልልኝ። ቤትን ነቅሎ መሄድ ለሕጋችን እንግዳ ነገር አይደለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 1130 መሬትና ቤትን የማይንቀሳቀሱ ንብረቶች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ቤቱ በፈረሰ ማግስት ግን ምሰሶው፣ ማገሩና በሩ እንደ ማንኛውም ዕቃ ገበያ ሊወጡ የሚችሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ይሆናሉ።

ወደ ቅርስ ሕጉ እንለፍ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ሲተረጉም በመሠረት ከመሬት ጋር የተያያዘ፣ ካልፈረሰ በቀር ከቦታው ሊንቀሳቀስ የማይችል መሆኑን መለያ አድርጎ ወስዷል። እንዲህ ያለው ቅርስ ከነበረበት ቦታ መነሣት የሚችለውም ጉዳዩ የሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሑፍ ሲፈቅድ እንደሆነ ደንግጓል። እንግዲህ ሕግ አውጪው ሙሉ በሙሉ አልከለከለም። «ጠይቅ» ነው ያለው።

ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ቤቱ ቅርስ ከሆነ ነው። የዘጌው ዕቃ ቤት ቅርስ ነው ወይስ አይደለም? አዋጁ ቅርስን የለካው በትልቅነቱ ወይም በባለቤቱ ማንነት አይደለም፤ በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በኪነ ጥበባዊና በዕደ ጥበባዊ ዋጋው ነው። በዚህ መለኪያ የገበሬ ጎተራም፣ የነጋዴ ዕቃ ቤትም ቅርስ ሊሆን ይችላል። በተግባር ግን ቅርስ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ግንብ፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። በ2006 ዓ.ም. ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ለመመደብ አዋጅ ቁጥር 839 ወጥቷል። ጓሮ ውስጥ የቆመን ዕቃ ቤት ግን ማንም መጥቶ ካላየው በየትኛውም ደረጃ ሊመደብ አይችልም።

ውጤቱ ምንድን ነው? ያልተመዘገበው ቤት ጠዋት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የእንጨት ክምር ነው። በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ሰዓታት የዕደ ጥበብ ታሪክ ያልፋል። ሕግ ተጣሰ የሚል አቤት ባይ የለም፤ ምክንያቱም ከፈረሰ በኋላ ቅርስ እንደነበረ ማስረዳት የሚቻልበት ማስረጃ የለም።

ጣና የሚያውቀው ጉዞ

አንዳንድ ወገኖች «ቅርስ ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም» ብለው ይከራከራሉ። ጣና ራሱ ይህን ክርክር አይደግፍም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ወቅትና በሌሎችም የመከራ ዘመናት፣ የሐይቁ ደሴቶች ከሌላ ስፍራ የሸሹ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት መጠጊያ ሆነዋል። ዳጋ እስጢፋኖስን የጎበኘ ሰው እንደሚያውቀው፣ የነገሥታቱ አፅም ያረፈው በገዳሙ ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤት በዋናው ሕንፃ ጥላ ሥር ያለ ትንሽ ቤት ቢሆንም፣ የአገር አደራ ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በቅርቡ ዘመናችንም ልምድ አለን። እ.ኤ.አ. በ1937 ፋሺስት ኢጣሊያ ወደ ሮም የወሰደችው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ሆኖ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በ2005 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ተቀመጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ አደባባዩ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ያነሣው ጥያቄ አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። «ይነሣ ወይስ አይነሣ» ከማለት በላይ «በእርግጥ ይመለሳል ወይ?» ብሎ ነበር የጠየቀው። ሁለቱ ሐውልቶች ሊመለሱ የቻሉት ከየት እንደተነሡ የታወቀ፣ የተለካና የተመዘገበ ስለነበር ነው።

ከአገራችን ውጭም ቢሆን ሕንፃን ማንሣት የተለመደ ነው። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የሚገኘው ስካንሰን እ.ኤ.አ. በ1891 የተከፈተ፣ ከየገጠሩ ተነቅለው የመጡ ቤቶች የተሰበሰቡበት የአየር ላይ ሙዚየም ነው። ግብፅ የአስዋንን ግድብ ስትሠራ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 በትልልቅ ድንጋዮች ተቆርጠው ከፍ ወዳለ ስፍራ ተዛውረዋል። በዚያው በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ግን ሐውልት ከታሪኩና ከአካባቢው የማይነጠል መሆኑን አስቀምጦ፣ ማዛወር የሚፈቀደው ለደኅንነቱ ሲባል ወይም እጅግ ከፍ ያለ ብሔራዊ ወይም ዓለም አቀፍ ጥቅም ሲያስገድድ ብቻ ነው ብሏል። የጣና መነኮሳት ከዚህ ቻርተር በፊት በተግባር የኖሩበት መርህ ነው፤ ቅርስ የሚሸሸው ለመትረፍ እንጂ ለማማር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የዕደ ጥበብ እውነታ መዘንጋት የለበትም። ድንጋይ ቁጥር ተጽፎበት ሊጓዝ ይችላል። የጭቃ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። ምሰሶና ማገር ይነቀላል፤ በልጥ የታሰረው ይፈታል፤ ምርጊቱ ግን ይረግፋል፤ ክዳኑም እንዳለ አይነሣም። ባሕር ዳር የሚደርሰው የቤቱ አጥንት ነው። ሥጋውን እንደገና የሚያለብሰው የዛሬ ጭቃና የዛሬ አናጺ ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ነውሩ አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ ማቅረብ ነው።

ተቀባዩ ግቢ

እስካሁን ያወራነው ቤቱ ስለሚለቀው ቦታ ነው። ስለሚቀበለው ቦታ ማን ያስባል?

ባሕር ዳር በከተማነቷ ገና ወጣት ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ሰፋፊ ጎዳናዎቿም በዚያው አሥር ዓመት በጀርመን ባለሙያዎች ከተዘጋጀው ፕላን ጋር የተያያዙ ናቸው። በመሆኑም በከተማዋ ውስጥ እውነተኛ አሮጌ ነገር ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለው፣ በተለምዶ ከኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ከፔድሮ ፓኤዝ ስም ጋር የሚያያዘው የድንጋይ ሕንፃ ነው። አጠገቡ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ነገር ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቁ ዙሪያ ስለነበረው የሃይማኖትና የሥልጣን ትግል የሚያስታውሰን እዚያው በቆመበት በመገኘቱ ነው። ነቅለን የሆቴል አትክልት ስፍራ ውስጥ ብንተክለው የሚቀረን ያማረ የድንጋይ ቤት ነው።

የወዳጄ ዕቃ ቤት ከዚህ ሰፈር ሲደርስ በተቃራኒው አቅጣጫ ተመሳሳይ ጥፋት ሊሠራ ይችላል። ለከተማው የሕንፃ ሹም መዝገብ ቤቱ የዛሬ አዲስ ግንባታ ነው። ለአላፊ አግዳሚው ደግሞ የሰፈሩ ጥንታዊ ቤት ይመስላል። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ አስጎብኚ ቱሪስት ይዞ መጥቶ «ይህ የድሮዋ ባሕር ዳር የቡና ነጋዴ ቤት ነው» ቢል ማን ያርመዋል? በችሎት ቋንቋ ብናገር፣ ምስክሩ ያላየውን እንዲመሰክር ማድረግ ይሆናል። ዘጌ ምስክሯን ታጣለች፤ ባሕር ዳር የሐሰት ምስክር ታገኛለች።

የሐይቁ ዳርቻም የራሱ ጥያቄ አለው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ነው። በዳርቻው የሚቆም ማናቸውም ቤት፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ፍሳሽና የሰው እግር ያመጣል። «ቅርስ ነው» የሚለው ቃል ለሐይቁ ዳርቻ የተሰጠውን ጥበቃ ማለፊያ ሊሆን አይገባም።

ታዲያ ይቃጠል?

ይህን ሁሉ ስነግረው ወዳጄ ትዕግሥቱ አለቀ። «ታዲያ ማገዶ ይሁን ነው የምትለኝ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተሜው ምሁር በአዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ የገጠሩ ቤተሰብ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ታሪክ እንዲጠብቅለት መጠየቁ ፍትሐዊ አይደለም። ቤተሰቡ ደረቅ ቤት የማግኘት መብት አለው። ሕጉ የእንክብካቤን ግዴታ የሚጭነው በባለቤቱ ላይ ነው። ቅርስ ድህነትን ማራዘሚያ ከሆነ ባለቤቱ ይጠላዋል፤ ቢጠላውም አልፈርድበትም።

ስለዚህ መፍትሔው ክልከላ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። በእኔ እምነት አራት ነገሮች በተራቸው መጠየቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ቤቱ በቆመበት ሊጠገን ይችላል ወይ? ለማስነቀያ፣ ለጀልባና ለአናጺ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ክዳን ለመቀየርና የተበላ ምሰሶ ለመተካት ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ ካልተቻለ እዚያው ዘጌ ውስጥ ለሌላ አገልግሎት ሊቆም ይችላል ወይ? ሦስተኛ፣ ይህም ካልሆነ ከመፍረሱ በፊት ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፣ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይጻፍበት፤ የቤቱን ታሪክ የሚያውቁ አረጋውያን ቃላቸው ይመዝገብ። የዚህም አንድ ቅጂ በክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ አንድ ቅጂ ከቤተሰቡ ዘንድ ይቀመጥ። አራተኛ፣ በአዲሱ ቦታ ሲቆም ከየት፣ መቼና ለምን እንደመጣ፣ የትኛው ክፍሉ አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት።

ከነዚህ ውስጥ ትልቅ በጀት የሚጠይቀው የትኛው ነው? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪዎችም አሏት። በአንድ ክረምት በዘጌ ያሉ አሮጌ ቤቶችን ለክቶ መመዝገብ የሚቻል ሥራ ነው። ሰላም የሚጠይቅ መሆኑን አልዘነጋም፤ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት የመስክ ሥራን ምን ያህል እንደሚያከብድ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ምዝገባው በዘገየ ቁጥር የሚመዘገበው ይቀንሳል። እስካሁን የለመድነው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለውን ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ በጋዜጣ እንጽፋለን፤ እኔንም ጨምሮ።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ሕጉ በሩን አልዘጋብህም፤ አንተ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘልለህ አራተኛው ላይ ነው የቆምከው። መጀመሪያ ሜትርህንና ካሜራህን ይዘህ ሂድ። ቤተሰቡን «በስንት ትሸጡልኛላችሁ?» ከማለትህ በፊት «በስንት ይጠገናል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «አይጠገንም» ከሆነ፣ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቀህ፣ መዝግበህ አንሣው፤ ከማገዶነት ያዳነ ሰው አይወቀስም።

ወዳጄ ጥቂት ዝም አለና «ቤተሰቡ ክረምት ሳይገባ ሊያፈርሰው ነው» አለኝ። እንግዲያውስ ጊዜ የለውም። ሌሎቹም አሮጌ ቤቶች፣ ማንም ያልደወለላቸው፣ ጊዜ የላቸውም።

ቸር እንሰንብት።