ስለ እግር ደም ቅዳ ሕመምና ስለ ሲቲ ስካን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት «ሲቲ ስካን ያላዘዘ ሐኪም ምን ሐኪም ነው?» ሲባል ደጋግሜ ስለ ሰማሁ፣ በቤተሰቤ የደረሰውን ለአንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ለብዙ ዘመን ሲጋራ ያጤሱ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በየመቶ እርምጃው ይቆሙ ጀመር። በአጥር ላይ የተለጠፈ የእድር ማስታወቂያ ያነባሉ፤ ያገኙትን ሰው የልጅ ልጁን ደኅንነት ሳይቀር ይጠይቃሉ። እኛም እርጅና ወሬ አበዛባቸው ብለን ሳቅን። ለካስ ባታቸውን ጨምድዶ እየያዘ መራመድ አቅቷቸው ኖሯል፤ ሲቆሙ ይተዋቸዋል፣ ሲሄዱ ይመለስባቸዋል። «ብርድ ነው» ተባለና ቅባት ተሰጣቸው። ቈይቶ የጣታቸው ቍስል አልድን ብሎ በጠቈረ ጊዜ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ ሲቲ ስካን ተነሡ። ሥዕሉ በእውነቱ ያስደንቃል፤ ደም ቅዳው ከጕልበት በላይ ተቋርጦ ቍልጭ ብሎ ይታያል። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ጫማቸውን አስወልቆ የእግራቸውን ትርታ የዳሰሰ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነርሷ ለሕፃናት ያሳየችን ነገር ነው! ደም ቅዳው ቢከፈትላቸውም ሁለት ጣታቸው ተቈረጠ።

መሣሪያውን ማጣጣሌ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሃውንስፊልድ የፈለሰፈው ሲቲ ስካን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን በሽተኛ አንጎል አነሣ። ዛሬ አዮዲን ያለበት መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ተወግቶ ከሆድ እስከ እግር ጣት ያለው ደም ቅዳ በደቂቃ ውስጥ ይነሣል። ይህም የጠበበው የት ላይ እንደ ሆነ፣ ርዝመቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ያሳያል፤ ሐኪሙ በፊኛ ወይም በቀዶ ጥገና ሊከፍተው ሲያስብ ያስፈልገዋል። «መጀመሪያውንስ ጠቧልን?» ለሚለው ጥያቄ ግን የደም ግፊት መለኪያና አንዲት ትንሽ የዶፕለር መሣሪያ ይበቃሉ። በሽተኛው ተጋድሞ የክንዱና የቍርጭምጭሚቱ ግፊት ይለካል፤ የቍርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል ማለት ነው።

የስኳር በሽታ የቈየባቸው ሰዎች ነገር የተለየ ነው። የደም ቅዳቸው ግድግዳ በካልሲየም ስለሚደርቅ ቍጥሩ ከ1.40 በላይ ወጥቶ ያታልላል፤ ያን ጊዜ የእግር አውራ ጣት ግፊት ይለካል። ይኸው ካልሲየም በሲቲ ስካኑም ላይ ነጭ ሆኖ እያንጸባረቀ፣ ጥበቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አዲሱ ዓይነት ሲቲ ስካን ይህን ችግር አቃሏል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም። ደግሞም አዮዲኑ የደከመ ኵላሊትን ሊጐዳ ስለሚችል አስቀድሞ የደም ምርመራ ያሻል።

እንግዲህ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈና ሲጋራ የሚያጤሱ ወይም ስኳር ያለባቸው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ክንዳቸውን ሲለኩ እግራቸውንም እንዲለኩላቸው ይጠይቁ። ጤና ጣቢያዎችን የሚያስተዳድሩ ክፍሎችም ዶፕለሯን ከግፊት መለኪያው ጋር ለመግዛት ቢያስቡበት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር