የተወለደበት፦ ባህር፤ የሞተበት፦ ባህር

የዚህ ወር ጽሑፌ ከአንድ የቤት ሥራ ይነሳል። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የዘር ሐረጋቸውን እስከ ቅድመ አያት ድረስ ቆጥረው፣ እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትንና የሞተበትን ቦታ ጽፈው እንዲመጡ አዝዤ ነበር። አንዲት ልጅ በአያቷ ወንድም መደብ ላይ «የተወለደበት፦ ባህር፤ የሞተበት፦ ባህር» ብላ ጻፈች። ስም አልጻፈችም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ ፈገግ አልኩ። ልጅቱ አለቀሰች። በማግሥቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩና ነገሩን ከአያቷ አፍ ሰማሁት።

ዘመኑ እንግሊዞች ኤርትራን የሚያስተዳድሩበት (እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1952) ነው። የእማማ አባትና እናት እርሳቸውን ከዘመድ ዘንድ ትተው ከወሎ ተነሱ፤ በምፅዋ በኩልም ሐጅ ሄዱ። ሲመለሱ አባት መርከቡ ላይ ታመሙ። እናት ደግሞ ቀናቸው ሳይደርስ ምጥ ያዛቸው። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አለቀሰም። ሌሊት አባት ሞቱ፣ ጎህ ሲቀድ ሕፃኑ ተከተላቸው። ሁለቱም ታጥበው፣ ተከፍነው፣ ተሰግዶባቸው ወደ ባህሩ ወረዱ። እናት ብቻቸውን ወደ አገራቸው ሲገቡ የባላቸው ወንድሞች «ልጁ ነው ቀድሞ የሞተው፤ አይደለም ካልሽ ምስክር አምጪ» አሏቸው።

ሁለቱም ከሞቱ ዘንድ ማን ቀደመ ብሎ መጨቃጨቅ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደማደርገው በቁጥር ላሳይ። ዕዳና ኑዛዜ ተከፍሎ 72 ከብት ቀረ እንበል። ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ ሚስት ስምንተኛውን፣ ማለትም 9 ከብት፣ አንዲቱ ሴት ልጅ ግማሹን 36 ትወስዳለች፤ የቀረው 27 ለአባት ወንድሞች ነው። አባት ቀድመው ሞተው ከሆነ ግን ሚስት ያንኑ 9 ትወስድና ቀሪው 63 ለልጆቹ ብቻ ይሆናል፤ ለወንዱ 42፣ ለሴቷ 21። አጎቶች ምንም የላቸውም። ጎህ ሲቀድ ሕፃኑ ሲሞት የእርሱ 42 እንደገና ይከፈላል፦ ለእናቱ ሲሶው 14፣ ለእህቱ ግማሹ 21፣ ለአጎቶቹ ቀሪው 7። ሲደመር እናት 23፣ ልጅ 42፣ አጎቶች 7። በ27 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ ነበር። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንትን ጨምሮ ብዙኃኑ ዑለማእ እንደሚሉት፣ ማን እንደቀደመ ካልታወቀ አንዱ ሌላውን አይወርስም፤ ስለዚህ ዝምታውም ለአጎቶች ያደላል።

«አሁን መሬቱም በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ሄዷል፣ ከብቱም አልቋል፤» አሉኝ እማማ። «እናቴ ግን ውሸታም ተብላ ነው የሞተችው፣ ኡስታዝ። ወረቀት ይኖር ይሆን?»

ሊኖር ይችላል። ባህር አገር ስላልሆነ በላዩ የሚሆነው ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል ብለን እናስባለን፤ ነገር ግን መርከብ ባንዲራ አለው፣ መዝገቡም ባንዲራውን ተከትሎ ይሄዳል። በእንግሊዝ ሕግ የመርከብ አዛዥ በመርከቡ ላይ የሆነውን ልደትና ሞት በመርከቡ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍርና ለባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ይገደዳል። የእንግሊዝና የዌልስ የልደትና የሞት መዝገብ ቤት ለባህር የተለየ መዝገብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። የመርከብ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በበኩሉ የያዛቸው፣ ከ1891 እስከ 1972 ያሉት ጥራዞች ዛሬ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። በሞት መዝገቡ ላይ የመርከቡ ስምና ቁጥር፣ ቀኑ፣ የሟቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የሞቱ ምክንያት ይሰፍራሉ። ለእማማ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመርከቡ የዕለት መዝገብ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ የሆነበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም የሚጻፍበት ዓምድ አለው። በሸራ ጀልባ የተሻገረ ሰው ግን ከዘመዶቹ ትዝታ በቀር እንዲህ ያለ መዝገብ ባያገኝ አይገርምም።

ፈላጊው መጀመሪያ መያዝ ያለበት የመርከቡን ስም ነው። ስም ይለወጣል፣ ሁለት መርከብም በአንድ ስም ይጠራል፤ የእንግሊዝ መርከቦች ከ1855 ጀምሮ የተሰጣቸው ቁጥር ግን አይለወጥም። ቀጥሎ ዓመቱ ነው፤ የሐጅ ጉዞ ከሆነ የዙልሒጃን ወር ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መልሶ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት መመልከት ነው። የሰው ስም ግን አታምኑት! ሙሐመድን በስንት ዓይነት የላቲን ፊደል እንደሚጽፉት ታውቃላችሁ፤ አዛዡ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ሊወስደው፣ ወይም «ሐጂ» የሚለውን እንደ ስም ሊጽፈው ይችላል። በሁሉም መልክ መፈለግ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ከእኛ የቀደሙ አሉ። ከ1879 እስከ 1916 በውል ሠራተኝነት ከሕንድ ወደ ፊጂ ደሴቶች የተጓዙት ሰዎች፣ ሙስሊሞችም ጭምር፣ እያንዳንዳቸው ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ መንደራቸው፣ በገላቸው ላይ ያለው ምልክት ሳይቀር የተጻፈበት የጉዞ ወረቀት ነበራቸው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በዚያ ወረቀት የአያቶቻቸውን ቀዬ ያገኛሉ። በድምሩ 60,965 ሰው ከሕንድ ተሳፈረ፤ በባህር ላይ የተወለዱት ተጨምረው ፊጂ የደረሱት 60,553 ናቸው። ተማሪዎቼ ቶሎ ቀንሰው «የሞቱት 412 ናቸው» ይላሉ። አይደሉም፤ ሕፃናቱ በደራሾቹ ውስጥ ስለተቆጠሩ የሟቾቹን ቁጥር ሸፍነውታል፣ እውነተኛው ከዚያ ይበልጣል። በአንድ መርከብ የተጓዙት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ «የመርከብ ወንድም» እየተባባሉ ይጠራሩ ነበር።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው «የእኛው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦችስ የመርከብ ሰዎች ይባሉ የለም እንዴ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከሐበሻ በሁለት መርከብ የተመለሱት በዚህ ስም ይታወቃሉ። ኢብን ኢስሐቅም በሲራው ማን በሐበሻ እንደተወለደና ማን በዚያው እንደሞተ በስም ለይቶ ቆጥሯል። ሙጦሊብ ኢብን አዝሀር እዚህ ሞቱ፤ እዚሁ የተወለደው ልጃቸው ዐብደላህም በኢስላም አባቱን የወረሰ የመጀመሪያው ሰው እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ የስደተኞቹ የልደትና የሞት ዝርዝር ከውርስ ጋር የተያያዘው ያኔውኑ ነው።

የእማማን ጉዳይ ገና አልጨረስነውም። መርከቡ የእንግሊዝ እንደነበረ እናታቸው ይናገሩ ነበር፤ ስሙን ግን አላስታወሱትም። ስንለያይ ግን እማማ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። የእናታቸው የእንጨት ሳጥን ደሴ እህታቸው ልጅ ቤት አለ፤ ከታች፣ በሐጅ ጨርቅ የተጠቀለለ ማኅተም ያለበት ወረቀት በልጅነታቸው አይተዋል። ተማሪዬ ለክረምቱ ዕረፍት ወደ ደሴ ትሄዳለች። ሳጥኑን ከመክፈቷ በፊት እጇን እንድትታጠብ፣ ወረቀቱ ከተጣበቀም በግድ እንዳታላቅቀው ነግሬያታለሁ። በቤት ሥራው ላይ ግን ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።