ሰሚ የሌለው ጥያቄ

«አይ ቦት ____ ሺፕ።» ሀ. ኤ፣ ለ. ዘ። ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ተማሪው እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ይሞላል። መልሱ «ኤ» ነው ይባላል፤ «ዘ» ያለው ኤክስ ይደረግበታል። ለምን? ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚወስነው ሰሚው በጉን አስቀድሞ ማወቅ አለማወቁ ሲሆን፣ ጥያቄው ደግሞ ሰሚ የለውም።

አንድ የሞጣ ገበሬ ማታ ቤቱ ገብቶ «በግ ገዛሁ» ቢል ሚስቱ የምን በግ እንደሆነ ትጠይቃለች። «በጉን ገዛሁት» ካለ ግን ባለፈው ገበያ በዋጋ ሳይስማሙ ትተውት የተመለሱት በግ መሆኑ ይገባታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይህን አይስትም። ልጃቸው ግን የሚያውቀውን እንደ እንግዳ ነገር ይሸመድዳል፦ «መጀመሪያ ሲነሳ ኤ፣ ሲደገም ዘ»። ደንቡም ጎደሎ ነው፤ «በሩን ዝጋው» የምንለው መጀመሪያ ስለ በር አውርተን አይደለም።

ጊዜ ማጥፋትስ ሁለቱ ቋንቋዎች በሚለያዩበት ላይ ነበር። «ፀሐይ ወጣች» ስንል ምንም አንቀጥልባትም፤ እንግሊዝኛ ግን አንዲት ናትና «ዘ» ይላታል። «አስተማሪ ነኝ» ስንል «አንድ» አያስፈልገንም፤ «አይ አም ቲቸር» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው (ከራሳቸው ከአስተማሪዎቹ አፍም ይሰማል)። አባይ «ዘ» ሲጨመርለት ጣና አይጨመርለትም፤ ወንዝና ሐይቅን የለየው ልማድ ነውና እሱስ ይሸመደድ።

ተማሪ ስለሚበዛ ምርጫ ለማረም ይቀላል የሚሉ አሉ። ይቅለል፤ ከባዶው ቦታ በፊት ሁለት መስመር ጭውውት ቢጨመር እርማቱ አይከብድም። አማርኛውን እያነጻጸሩ ማስረዳትም እንግሊዝኛን መበደል አይደለም።

ጉዳዩ የአንድ ማርክ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። የፊዚክስ ጥያቄ በመጀመሪያው መስመር «ኤ ቦዲ» ብሎ በሦስተኛው «ዘ ቦዲ» ሲል ያንኑ አካል ማለቱ ነው። «ኤ»ንና «ዘ»ን የስም ጌጥ አድርጎ የተማረው ልጅ ግን ፈተናው ላይ ተቀምጦ ሁለተኛ አካል ይፈልጋል።