ስም የሌለው ጆንያ

ደነባ ላይ ጤፍና ምስር ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ እጭናለሁ። እህል በረንዳ ሲራገፍ የእኔ ጆንያ ከሌላው ነጋዴ ጆንያ አይለይም። ገዢው የሚጠይቀው «የምንጃር ነው? የአዳ ነው? የደነባ ነው?» ብሎ ነው፤ «የማን ነው?» የሚል የለም። እኔ ምስሩን አስነፍቼ፣ ጠጠሩን አስለቅሜ ብልክና ሌላው አፈር ጨምሮበት ቢልክ የምንጠራው በአንድ ስም ነው። ከአንድ ኩንታል ሦስት ኪሎ ቆሻሻ ካስወጣሁ ያ ሦስት ኪሎ የሚጎድለው ከእኔ ኪስ ነው።

የንግድ ሥነ ምግባር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «እግዜርን ፍሩ» እንባላለን። ደግ ነው። አዋጅ 813/2006ም ምግብ ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀልን ይከለክላል። ግን የሠራው ሰው በስሙ የማይታወቅበት ገበያ ፈሪውን ያከስራል፤ ደፋሩን ያበላል።

ቡና ላይ የሆነውን እናስታውስ። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር (ከጆንያ አንወጣም!)። ገበያው ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ቡና የላከውም አብሮ ተመታ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደረጃ፣ መጋዘንና የታመነ ሚዛን አመጣ፤ ገንዘብም በጊዜ መከፈል ጀመረ። ይህን የሚያቃልል ነጋዴ አላየሁም። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ሲሸጥ የማን ማሳ፣ የማን ማጠቢያ እንደሆነ ጠፋ። የውጭ ገዢዎች ሲያጉረመርሙ ቆይተው፣ ቡና ከነምንጩ እንዲሸጥ በር የተከፈተው ከዓመታት በኋላ ሕጉ ሲሻሻል ነው።

እኛስ ምን እንጠብቃለን? የጆንያው አፍ ሲሰፋ የነጋዴው ስምና ስልክ ያለበት ወረቀት አብሮ ይሰፋ፤ የዱቄት ፋብሪካዎች የሚያደርጉት ነው። «ባዶ ጆንያህን ገዝተው ቆሻሻ ቢሞሉበትስ?» አሉኝ። ስም በጆንያው ላይ በቀለም ቢጻፍ ልክ ናቸው። ወረቀቱ ግን ስፌቱ ሲፈታ ይቀደዳል።

ደላሎች ሐሳቡን አልወደዱትም። አይፈረድባቸውም፤ ገዢው ስልኬን ካገኘ በቀጥታ ይደውልልኛል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸውን ግን እንደ ደላሎቹ በቀላሉ አላልፈውም። የዘንድሮ ጤፍ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ እኔ በራሴ ጆንያ እጀምራለሁ። አፈር የተገኘበት ካለ ለደነባ ሳይሆን ለእኔ ይመለስልኝ፤ የመኪናውን እችላለሁ።